በአሥራ ሁለት ሴቶች አፍ የተቀመጠ ገንዘብ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ገንዘብ የሚልከው ሱቅ መስኮቱ ጠባብ ነው። ከመስታወቱ ኋላ የሚቀመጠውን ሰውዬ ከሃያ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በዓመት በዓል ለልጆች ከረሜላ የሚያድል ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን የእህቴን ልጅ ስም ጻፈ፣ ቀጥሎ ቤይሩት ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ ቀና አለ።

«እትዬ፣ ፓስፖርቷ የታለ?»

«ማዳሟ ጋ ነው።»

«ታምጣዋ።»

«ጠፍታ ወጣች እኮ። ጠፍቶ የወጣ ሰው ተመልሶ ፓስፖርቴን ስጡኝ ይላል?»

«እንግዲያው አይደርሳትም። እዚያ የሚከፍላት ሰው መታወቂያ አሳዪኝ ይላታል። እኔ ብልክልዎም ተመልሶ ይመጣል። ሕጉ ነው፣ እትዬ።»

ሕጉ ነው። ይህን ነገር በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ሕጉ ነው የሚለው ሰው ሁልጊዜ ተቀምጦ ነው፣ የሚባለው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ቆሞ ነው። ገንዘቤን ከመስኮቱ ሥር ሰብስቤ፣ በመሐረቤ ቋጥሬ ወጣሁ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ፓልምስ፣ ወደ ልጄ ቤት መመለስ ሲገባኝ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። ሲከፋኝ እንዲህ ነኝ። ሾፌሩ «ማማ፣ እዚህ ነው የሚያበቃው» ካላለኝ አልወርድም።

የእህቴ ልጅ ቤይሩት የገባችው በኮንትራት ነው። መጀመሪያ ላይ ደመወዟ ይደርስ ነበር፤ እህቴም በዚያ ገንዘብ ጣሪያዋን አሳደሰች። ከዚያ የአገሩ ገንዘብ ወደቀ። የወር ደመወዝ የሳሙናና የዘይት መግዣ ሆነ። ባንኮቹም ሰው ራሱ ያስቀመጠውን ገንዘብ አንሰጥም ብለው በር ዘጉ። «ማዳሜ ባንክ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አየኋት» አለችኝ ልጅቷ። ለማዳሟም አዝኛለሁ፣ ሰው ናት። ነገር ግን እሷ የተበላችውን ከእህቴ ልጅ ላይ ለማካካስ ፈለገች። ስምንት ወር ሳትከፍላት አሠራቻት፣ ፓስፖርቷን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ። አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ ቆሻሻ ልትደፋ ወጣች። ከረጢቱን ደፋችው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ታች ሄደች፤ አልተመለሰችም። በነጠላ ጫማ ነበረች።

እንዲህ የወጣችውን እዚያ ያሉት ልጆች ፍሪላንስ ይሏታል። ኮንትራት የላት፣ ወረቀት የላት፤ በሰዓት እየተከፈላት የሰው ቤት ታጸዳለች፣ ከአምስት መሰሎቿ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትተኛለች። ያንን የመስኮቱን ወሬ በድምፅ መልእክት ስነግራት ብዙም አልገረማትም።

«አክስቴ፣ እኛ እዚህ ያለነው በስልክ ዶላር ነው የምንቀበለው» አለችኝ።

«የምን የስልክ ዶላር?»

«ክሪፕቶ ይሉታል። ያ የሚወጣ የሚወርደው አይደለም፤ ይሄኛው ዶላሩን ተከትሎ የሚሄደው ነው። አንቺ ከስልክሽ ትልኪያለሽ፣ እኔ ስልኬ ላይ ይገባል። ሠፈሬ የስልክ ሱቅ አለ፤ ሰውዬው ትንሽ ይቆርጥና ጥሬ ዶላር በእጄ ይሰጠኛል። ማን ነሽ አይለኝም።»

ማን ነሽ አይለኝም ስትል ድምፅዋ ላይ የነበረውን ነገር ልረሳው አልቻልኩም።

ልጄ ግሌንዴል ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ሥራዋ ሒሳብ ነው። ነገሩን ስነግራት ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች።

«ማሚ፣ ስካም ነው። ስንቱ ሪታየርመንቱን የተበላው በዚህ ነው። ቸርች ያሉትን ጋሼን ረሳሻቸው?»

አልረሳኋቸውም። እኚህ ሰው ሊጨምር ነው ብለው ገዝተው፣ ጧት ሲነሱ የቤታቸው ዋጋ ግማሽ የለም። እውነት ነው። «እሳቸው እንዲወልድላቸው ነው የገዙት» አልኳት። «እኔ እንዲሻገርልኝ ነው። ድልድይ ላይ ቁማር የሚጫወት አለ ተብሎ ድልድዩ አይፈርስም።»

«ኦኬ ማሚ። ግን ኢንግሊሽ አታነቢም።»

አላነብም። አማርኛውንም ቢሆን ትምህርት ቤት ሄጄ አይደለም የተማርኩት። ፊደል የለየሁት በአርባ ዓመቴ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ጸሎት ነበረ። እሱኑ በጽሑፍ ገዝቼ፣ በአፌ የማውቀውን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ፣ ይቺ «ማ» ከሆነች ይቺ «ር» መሆን አለባት እያልኩ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። መኪና ሲመጣ መጽሐፉን ከወንበሩ ሥር እደብቀዋለሁ። ሶ፣ ይህን ያደረገች ሴት ስልክ ላይ አረንጓዴ ምልክት መንካት አያቅታትም። እንዲህ አልኳት። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ የባንክ ካርዴን የስልክ ዶላር ከሚገዛበት መተግበሪያ ጋር አገናኘችልኝ፤ የቀረውን የእህቴ ልጅ በቪዲዮ እያሳየች አስተማረችኝ።

መጀመሪያ አምስት ዶላር ላክሁ፣ ለሙከራ። መነጽሬን አውልቄ ሳልጨርስ «ገባ» አለችኝ። አምስት ዶላር። ያንን መስኮት አልፎ፣ የማዳሟን ቁም ሣጥን አልፎ፣ የተዘጋውን ባንክ አልፎ እጇ ገባ። አገር የሚያስተዳድሩት ሁሉ ተሰብስበው ያልሠሩላትን መንገድ፣ እኔ የፓልምስ መናፈሻ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በአውራ ጣቴ ሠራሁላት። ይህን ስል መኩራቴ ነው፤ ልኩራ።

ከዚያ ነው ወደ ማኅበራችን የወሰድኩት። የእመቤታችን ማኅበር አለን፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፣ በዓመት አንድ አንድ ጊዜ ይደርሰናል። ግማሾቻችን በስደተኛ ካምፕ አልፈን የመጣን ነን፣ ግማሾቹ ለትምህርት መጥተው የቀሩ። አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ አንዷ ሬስቶራንት አላት፣ አንዷ እስካሁን ሆቴል ታጸዳለች። ነገሩን ነገርኳቸው፤ ልጅቷን ለማስወጣት የቅጣቱንና የመውጫ ወረቀቱን፣ የትኬቱንም ገንዘብ በየወሩ ልናዋጣ ተስማማን። ልጅቷ ግን እጄ ላይ አታስቀምጡት አለች። ስድስት ሆነው በሚኖሩበት ክፍል ስልክ ይሰረቃል፣ ፖሊስም ከያዛት መጀመሪያ የሚወስደው ስልኳን ነው። እኔ ስልክ ላይ ይጠራቀም ተባለ።

አሁን ስልኩ አሥራ ሁለት ቃላት ያወጣል። የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ፣ እንደ ሕልም። ስልኩ ቢጠፋ ገንዘቡን የሚመልሱት እነሱ ብቻ ናቸው፤ ከጠፉ የሚለመን ሥራ አስኪያጅ እንኳ የለም። ልጅቷ «ጽፈሽ ደብቂው፣ ለማንም እንዳታሳዪ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አሰብኩት። የደበቅሁትን ነገር ራሴ አግኝቼው አላውቅም። ደግሞ ገንዘቡ የአሥራ ሁለት ሴት ነው፤ ቁልፉ ለምን የአንዲት ይሆናል? ቃላቱ አሥራ ሁለት፣ እኛ አሥራ ሁለት፣ ወሩም አሥራ ሁለት።

«ጳጉሜስ?» አለች ሬስቶራንት ያላት።

«ጳጉሜ እንደ ልማዷ በነፃ ትግባ» አልኳት።

ከብስኩት ካርቶን አንድ ቁራጭ ቆርጬ መሐሉን በመቀስ ቀደድኩት፣ ቀዳዳው አንዲት ቃል ብቻ እንዲያሳይ። አንድ በአንድ መኝታ ቤት እየጠራሁ፣ ካርቶኑን ስልኩ ላይ እያንሸራተትኩ፣ ለመስከረሟ የመጀመሪያዋን፣ ለጥቅምቷ ሁለተኛዋን አሳየሁ። ማንበብ የምትችል አነበበች፤ የማትችል እንደ ሥዕል ገልብጣ፣ ነርሷ እያስነበበቻት በቃሏ ያዘች። እኔ የሚያዝያዋን ብቻ ያዝሁ። የሌሎቹን እያየሁ አላየሁም፤ አለመማሬ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ። ነርሷ ስትወጣ «እንደ ንስሐ ነው እኮ» አለች። ከንስሐ በላይ ጠንካራ ካዝና ካለ አሳዩኝ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሰበሰብን። ያጠፋነውንም ልናገር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ማኅበራችን ወር በገባ በሃያ አንድ ነበር፣ በማርያም ዕለት። ሃያ አንድ ማክሰኞ ቢውል ማክሰኞ፣ ሐሙስ ቢውል ሐሙስ። ሥራ ያላቸው ተቸገሩ፤ ወደ እሁድ ይዛወር ተባለ። የኅዳሯ አባል፣ ጋርዴና የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ «ማርያም በእናንተ ስኬጁል አትዞርም» ብላ ቆመች። እኔ ለእሁድ እጄን አወጣሁ፣ ጮክ ብዬም ተከራከርኩ። እሷ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ደህና ሁኑ አላለችም። ስንጣላ ቃሉን አንዳችንም አላሰብነውም። ሦስተኛዋ ቃል ከእሷ ጋር ጋርዴና ሄደች፣ እኛም ገንዘብ መሰብሰባችንን ቀጠልን። ሰው በቃል ያስቀመጠውን ነገር እንደ ግድግዳ የማይንቀሳቀስ ያስመስለዋል።

ከዚያ በቤይሩት ላይ ጦርነቱ መጣ። ማዳሞቹ ወደ ተራራ ሲሸሹ ሠራተኞቻቸውን ቤት ውስጥ ቆልፈው የሄዱ አሉ። የእህቴን ልጅ የመውጫ ወረቀት የሚያስጨርስላት ደላላ ስሟን ከሚወጡት ዝርዝር ውስጥ አስገባላት፤ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ካልከፈለች ስሟ ይሰረዛል፣ ቀጣዩ ዝርዝር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ አውሮፕላን ማረፊያው ክፍት ይቆይ አይቆይ የሚያውቅ የለም። ይህን የነገረችኝ እሁድ ነው። ሰኞ ልልክላት ነበር። ሰኞ ጠዋት ፌርፋክስ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ስልኬ ከእጄ አመለጠ። የኋላው ጎማ ወጣበት።

ልጄ በዚያኑ ቀን አዲስ ስልክ ገዛችልኝ። ቁጥሬ ተመለሰ፣ ፎቶው ሁሉ ተመለሰ፣ የልጅ ልጆቼ ጥርስ ሲያወጡ የነበረው ሳይቀር ተመለሰ። የገንዘቡ ቤት ግን አሥራ ሁለት ባዶ ሣጥን ደርድሮ ቃላቱን አምጪ አለኝ።

«ማሚ፣ ምን ብዬሽ ነበር» አለች ልጄ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ስላዘነች ነው።

«ያልሽውን አውቃለሁ። አሥሩን በስልክ ጥሪልኝ፣ ሐሙስ ከሥራ መልስ እዚህ ይምጡ። የጋርዴናዋን እኔ ራሴ ሄጄ አመጣታለሁ።»

ማክሰኞ ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ረቡዕ ተነሣሁ። ጋርዴና ሁለት አውቶቡስ ነው። ልጄ ድራይቭ ላድርግሽ ብላኝ ነበር፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ግን ትንሽ መድከም አለበት ብዬ እንቢ አልኳት። ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ አንድ ሽማግሌ ሜክሲኮአዊ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ በምልክት አወራን፣ ጉልበቱን አሳየኝ፣ ጉልበቴን አሳየሁት። ሳልወድ ሁለት ፌርማታ አለፍኩና በእግሬ ተመለስኩ።

የብረት መዝጊያውን ሳትከፍት በቀዳዳው አየችኝ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለችኝ። «እሁድ መስሎሽ ነው?»

«ረቡዕ እንደሆነ አውቃለሁ።»

«የናንተ ማርያም ረቡዕ ኦፍ አይደለችም እንዴ?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግሁት። «ግቢ በይኝ እንጂ፣ እግሬ አልቋል።»

«እግርሽ ያለቀው በዙረት ነው» አለችና ከፈተች።

ባለቤቷ የቀድሞ የታክሲ ሾፌር ነው። ቴሌቪዥን ያይ ነበር፤ ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያይ ተነሥቶ «እኔ የሎሚውን ዛፍ ውኃ ላጠጣ» ብሎ በጓሮ በር ወጣ። እሷ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ የአንድ ሬስቶራንት ሽርጥ ተቆልሎ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ስለ ዝርዝሩ ነገርኳት፣ ስለ ጎማው ነገርኳት፣ ስለ ዓርብ ነገርኳት። መኪናዋ ስታቆም አቆማለሁ፣ ስትጀምር እጀምራለሁ።

«እስከ ዓርብ? አሁን ነው የምትመጪው?»

«ትናንት ስደውል አላነሳሽም።»

«ቁጥርሽን አጥፍቼዋለሁ።»

«ቃሉንም አጠፋሽው?»

መርፌው ቆመ። ሽርጡን ከሥሩ አወጣችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ከዚያ ዞራ አየችኝ።

«አንቺ እኔን ምን አድርገሽ ነው የምታዪኝ? ከማኅበሩ ወጣሁ እንጂ ከሰውነት ወጣሁ? ማታ ማታ አባታችን ሆይ ብዬ ስጨርስ እሷን ቃል እላታለሁ። ትርጉሟን አላውቅም። ያቺን ልጅ አውጣ እልና እሷን ቃል እላታለሁ።»

ውጭ የውኃው ጎማ ሲንፏቀቅ ይሰማል።

«እሁዱ ላይ እጄን ያወጣሁት ልክ አልነበረም» አልኳት። «ድምፅሽን ሳንሰማ ነው የወሰንነው።»

«ሰምታችሁኛል። አልተቀበላችሁኝም። ከሁሉ ጮክ ያልሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«በይ ይኸው አመንሽ።» ሽርጡን አጠፈችው። «ቃሏን ግን ላንቺ አልነግርሽም።»

«ኧረ በማርያም።»

«በየትኛዋ ማርያም? በእሁዷ?» አለችና አሁን እሷም ሳቀች፤ ቶሎ ብላ ፊቷን መለሰች። «የተቀበልኩት ለማኅበሩ ነው፤ በማኅበሩ ፊት ነው የምሰጠው። ነገ እመጣለሁ። የምመጣው ለልጅቷ ነው፣ ለእሁዳችሁ አይደለም። ይህን ለሁሉም ንገሪ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የልጄ ሳሎን በሴት ሞላ። ሆቴል የምታጸዳው ከነዩኒፎርሟ መጣች። የጋርዴናዋ በር ላይ ስትደርስ ሁሉም ተነሡላት፤ «ቁጭ በሉ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት» አለች። ነርሷ አዲሱን ስልክ ይዛ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እነሱ በወራቸው ተራ እየገቡ በጆሮዋ ይነግሯታል፣ እሷ ትጽፋለች። መስከረም ገባች፣ ጥቅምት ገባች። ኅዳር ስትገባ ዓይናችን ሁሉ በሩ ላይ ሆነ። ስትወጣ ማንንም ሳታይ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«አሥራ ሁለቱንም አወቀች እኮ» አለች ሬስቶራንት ያላት፣ ወደ መኝታ ቤቱ በአገጯ እያሳየች። «አሁን ነርሷ ሀብታም ሆነች።»

«ለአምስት ደቂቃ ነው» አለች ነርሷ ከውስጥ። «ተይኝ ልደሰትበት።»

ነሐሴ የመጨረሻዋን ተናግራ ወጣች። ነርሷ ስልኩን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ዓመት የሰበሰብነው ሳይጎድል ተቀምጧል። ልጄ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። መላኪያውን የነካሁት እኔ ነኝ፤ ማንም እንዲነካልኝ አልፈለግሁም። እዚያ ገና አልነጋም። ልጅቷ ግን ስልኳን ታቅፋ ነበርና ወዲያው ድምፅ ላከች። «ገባ፣ አክስቴ። ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነኝ።» እልል አላልንም፤ ሬስቶራንት ያላት ዳቦውን ቆረሰች፣ በላን።

ዓርብ ከእኩለ ቀን በፊት ከፈለች። በሳምንቱ እናቷ ቤት ገባች፣ ማንነቷን የያዘውን ቁም ሣጥን እዚያው ትታ። የጋርዴናዋ አሁንም እሁድ አትመጣም፤ ሃያ አንድን ከባለቤቷ ጋር ብቻዋን ታደርጋለች፤ እኔ ሃያ አንድ ቀን ጋርዴና እሄዳለሁ፣ እሁድም ከማኅበሩ ጋር እሆናለሁ። ሁለቱንም ማርያም ትወቅ። ልጄ አሁንም ስካም የበዛበት ነገር ነው ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ እኔም ለማንም ግዙ አልልም። ነገር ግን በራቸውን ሁሉ ዘግተው የሚበጠስ ገመድ ነው እያሉ የሚያስፈራሩኝን ሰዎች አልሰማም። መጀመሪያ በሩን ይክፈቱ፤ ያኔ ገመዱን እተዋለሁ።

ባለፈው ወር ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ከእህቴ ልጅ ጋር ይተኙ ከነበሩት ከአምስቱ አንዷ ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ሰው እንዳይሰማት እየተጠነቀቀች ነው የምታወራው።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ቁጥርዎን ከእሷ ነው ያገኘሁት። እኔ አክስት የለኝም። ማኅበርም የለኝም። ዝም ብዬ ነው የላክሁልዎ።»

ለማኅበሩ ሴቶች ሁሉ አሰማኋቸው። ለጋርዴናዋ ለብቻዋ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጬ አሰማኋት። ከዚያ ለልጅቷ መልስ ላክሁላት።

«አክስት አለሽ» አልኳት። «የራስሽ ስልክ አለሽ ወይ?»

የራሷ ስልክ አላት።